ቁልፉ እና ሁለቱ እጆቼ

ክቡር የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ እርስዎ ነው። ኧረ ይቀመጡ፤ ገና መጀመሬ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ኬኩንም አይቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ቢሆንም በክሬም የተጻፈውን አንብቤዋለሁ፤ «ማደንዘዣችን፣ እንወድሻለን» ይላል።

ይህ ስም ከየት እንደመጣ አዲሶቹ አታውቁ ይሆናል። የተቃጠለ ሰው ፋሻው ሊፈታ ሲል «ማደንዘዣዋን ጥሯት!» ይባላል። መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ እገባለሁ። በሽተኛውን በሁለት እጄ ትከሻውን ተጭኜ እይዘዋለሁ። ቁስሉ ታጥቦ እስኪያበቃ ጆሮው ሥር «አለቀ፣ አለቀ» እላለሁ። ትስቁ ነበር። ምኑ ነው የሚያስቀው?

የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን የት ነበር? ቁም ሣጥን ውስጥ። ቁልፉስ? ኃላፊው ኪስ ውስጥ። ኃላፊውስ? ስብሰባ ላይ።

ሁለት እግሩ የተቃጠለውን በያጅ ታስታውሱታላችሁ። «እማማ፣ አለቀ?» ይለኛል። «አለቀ፣ ልጄ።» «ትናንትም እንዲህ ብለው ዋሽተውኛል እኮ!» ነርሷ ስብሰባው በር ላይ ቆማ ቁልፉን ለመነች። እርስዎ ምን አሉ? «ሱስ ይሆንበታል። ወንድ አይደለም እንዴ? ይቻለው።»

ሞርፊን አደገኛ ነው አትበሉኝ። ከልክ ካለፈ ትንፋሽ እንደሚያሳጥር ነርሷ ነግራኛለች። ማርከሻውም እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ አብሮ ተቆልፎበታል። በልክ ሰጥቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ ነው?

ደግሞ የእርስዎ አውራ ጣት መግል የቋጠረ ጊዜ ሳህን ይዤ አጠገብዎ ነበርኩ። የሚያደነዝዘውን መርፌ ተወጉ። ሐኪሙ ገና ስለቱን ሲያነሣ «ቆይ! አልደነዘዘም!» ብለው ጮኹ። «ልክ ነዎት፣ መድኃኒቱ ነርቩ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል» አለና አስቀመጠው። ሁላችንም ጠበቅን። «አሁንስ?» «ትንሽ ይሰማኛል።» «አሁንስ?» ደግ አደረገ! እንዲህ ነው የሚገባው። ግን ማን «ያዢያቸው» አለኝ? ማን «ወንድ አይደሉም እንዴ?» አለዎት?

በያጁ ፋሻ የሚፈታበትን ቀን ፈርቶ ቁስሉ ሳይድን ጠፋ። ሲመለስ አንዱ እግሩ በስብሶ ነበር። ተቆረጠ። ያን ቀን ማደንዘዣው አልጠፋም፤ እርስዎ ራስዎ ይዘውት እየሮጡ መጡ። ለመቁረጥ የተገኘው መድኃኒት ቁስሉ ሲታጠብ የት ሄዶ ነበር?

አሁን ጥጉ አልጋ ላይ የፈላ ዘይት የፈሰሰባት ልብስ ሰፊ ተኝታለች። ፋሻዋ የሚፈታው ነገ ነው። ዛሬ ጠዋት እርስዎ ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ «ጡረታ ብትወጪም ብቅ እያልሽ ያዢልን እንጂ፤ ነገ ልብስ ሰፊዋ አለች» አሉኝ። መልሴን በሰው ፊት ልስጥዎት።

በመጀመሪያ ግን ልመርቃችሁ። ጤና አይለያችሁ። የልጃችሁን ሕመም የሚያስታግስላችሁ አትጡ። ነርሶቼ፣ የምትለምኑበት በር ሁሉ ይከፈትላችሁ። እርስዎም ጣትዎ ዳግም አይመርቅዝ፤ ቁልፉን ዛሬውኑ ለነርሷ ያስረክቡና እንቅልፍ ይውሰድዎ።

እኔ ነገ አልመጣም። ከእንግዲህ የማንንም ትከሻ አልጋ ላይ ተጭኜ አልይዝም። ያላለቀውንም «አለቀ» አልልም።