ፀሐይ ለሚገባበት ቤት የሚሆን ቴሌቪዥን

ልጅቷ ወደ አጎቷ ፀጉር ቤት ብቅ ስትል ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ወርዶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አየችና ክው አለች።

«ምነው ጋሼ፣ ቤቱን ሊለቁ ነው እንዴ?»

«ምን ያሟርትሻል!» አሉ አጎቷ፣ የደንበኛቸውን ጉንጭ እየላጩ። «በአዲስ ልለውጠው ነው። ነጋዴው አሁን ይዞ ይመጣል።»

እፎይ አለች። ግን ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ከሰቀለ ወዲህ ኳስ ባለ ቁጥር ወጣቱ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። አጎቷ ባዶ ወንበር ሲወለውሉ ይውላሉ። በዚሁ ከቀጠለ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ቤት መዘጋቱ አይቀርም።

«የትኛውን ዓይነት መረጡ?» አለች በለሆሳስ። ኤሌክትሮኒክስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ብትማርም፣ ሰው ባለበት መናገር ይከብዳታል።

«ኦሌድ የሚሉትን ነዋ! ጥቁሩ ከሰል ነው እኮ። ነጋዴው ሱቁ ውስጥ መጋረጃውን ዘግቶ ሲያሳየኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።»

«እኔም አላጣጥለውም። በኦሌድ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን ታበራለች፤ ጥቁር ሲያስፈልግ ድርግም ብላ ትጠፋለች። ግን ውበቱ የሚታየው ጨለም ባለ ክፍል ነው። የእርስዎ ቤት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። ከጀርባው መብራት ያለው ኤልሲዲ ይሻልዎታል። ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ቢመስልም ብርሃኑ ፀሐይን ይቋቋማል።»

«ርካሹን ግዛ ነው የምትይኝ? ማዶ ያለው ይሳቅብኝ?»

«ኧረ ጋሼ! ደግሞ እርስዎ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የዜና ጣቢያ ከፍተው ይውላሉ። የጣቢያው ምልክት ቦታውን ስለማይለቅ፣ ውሎ አድሮ ኦሌዱ ላይ እንደ ጠባሳ ሊቀር ይችላል።»

«የነጥቡ ብዛትስ? ባለ ስምንት ኬ ይሁንልዎ ብሎኛል።»

«አግዳሚው ላይ ለተቀመጠ ሰው ነጥቡ ከሚያንሰው ከአራት ኬ አይለይም። ኳሱም ቢሆን በስምንት ኬ አይመጣልንም።»

«ኧረ እባካችሁ፣» አለ ደንበኛው፣ «ክርክራችሁ ሳያልቅ አረፋው ፊቴ ላይ ደረቀ!»

አጎቷ እንዲህ የሚከራከሩት ግትር ሰው ሆነው አይደለም። ብዙዎቻችን ዕቃን ያማረበት ቦታ ላይ አይተን እንወዳለን፤ የሚኖርበትን ቦታ ማሰብ እንረሳለን።

ነጋዴው ኦሌዱን አቅፎ ሲገባ ልጅቷ እንደምንም ደፈረች። «ከመሰቀሉ በፊት እዚሁ ብናበራውስ?»

አበሩት። ፊልሙ ላይ ሌሊት ነበር። ከጨለማው ትዕይንት መሐል ግን መንገዱ፣ መስኮቱና አንድ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ሰው ብቅ አሉ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ አጎቷ ጠጋ ብለው።

«እኔ ነኛ!» አለ ደንበኛው።

አጎቷ ከት ብለው ሳቁ። «እኔ መስታወት መች አጣሁ! ልክ ነሽ ልጄ፤ መቀስ ውድ ስለሆነ ብቻ ጺም አይላጭበትም። ከእንግዲህ ዕቃ የምገዛው በሚውልበት ቦታ ሞክሬ ነው።»

«ኦሌዱም ባለቤት አያጣም፣» አለች ልጅቷ ለነጋዴው፣ ቅር እንዳይለው ብላ። «መጋረጃ ዘግቶ ፊልም ለሚያይ ቤተሰብ ከሱ የሚስተካከል የለም።»

ነጋዴው ኦሌዱን መልሶ ባለ አራት ኬ ኤልሲዲ አመጣ፤ ከመስኮቱ ትይዩ መሆኑ ቀርቶ የጎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እሁድ በጠራራ ፀሐይ ኳስ ሲጀመር፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት የተጫዋቾቹን የማሊያ ቁጥር ሳይቸገሩ አነበቡ። ቦታ ያጡት ቆመው አዩ፤ ጨዋታው ሲያልቅም ብዙዎቹ ፀጉራቸውን ተስተካክለው ሄዱ።