ለጥምቀት የሚሠራ ፀጉር

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን አንድ ቄስ፣ መሀል ላይ እኔ፣ ከኋላዬ ደግሞ የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች ተቀምጠን ነበር። አንዷ ፀጉር ቤት እንዳላት ስትናገር ሰምቻለሁ፤ ሌላዋ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች አዲስ ሙሽራ ናት።

“ፀጉሬን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅቤ ቀባሁት፤ አሁንም እንደ ገለባ ይሰበራል” አለች ሙሽራዋ።

“ውሃ ሳታስነኪው?”

“ውሃ ካገኘው ይከረደዳል ብዬ ፈራሁ።”

“እንዲህ የሚሰበረው ማለስለሻ ኬሚካል ቢገባበት ነው፤ እንደ ወንፊት ይሆናል፤ እርጥበት አይዝም። መጀመሪያ አርሺው፣ የተልባ ውሃ ቀቢው፣ ቅቤው ከላይ ይሁን። ደረቁን ከቀባሽው ድርቀቱን ነው የምትዘጊበት።”

“በስንት ቀን ይመለሳል?”

“ወር ታገሺው። እስከዚያ ሹሩባ እንዳትሠሪ፤ ከተጎተተ ይነቀላል።”

“አማቴ ዛሬ ሊሠሩኝ ይጠብቁኛል። የልጄን ሚስት በእጄ ሠርቼ ነው ለጥምቀት የማወጣት ብለዋል።”

“ንገሪያቸዋ።”

“ምን ብዬ? ልጃቸው ‘ልስላሴው የተፈጥሮዋ ነው’ ብሏቸዋል።”

“አለስልሺው ያለሽስ ማን ነው?”

“እሱው።”

“እንግዲያ መላጣሽን እሱ ይሸፍናላ።”

ሙሽራዋ ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ግንባሯ ሳበች።

“ወራጅ አለ” አለች።

አማቷ ሚዶአቸውን ይዘው መንገድ ዳር ወጥተው ነበር። ሙሽራዋ በሩ ሲከፈት ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ፣ የተሰባበረ ፀጉሯን ገልጣ ወረደች።

የአማቷን ፊት ላለማየት መኪናው እስኪነሳ ድረስ ወደ መስኮቱ አልዞርኩም።