ላምባ ያልነካቸው ሰባት ዳቦዎች

የስቱዲዮአችን ሥራ አስኪያጅ ሙሴ ጎድሮን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ጣሪያ ሥር መሰላል ላይ ተቀምጣችሁ የምትሰሙኝ የመብራት ሠራተኞችም ጭምር፤

ይህን ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ወይኑን ማን እንዳመጣው አውቃለሁ፤ ከየት እንዳመጣው ግን አልጠይቅም። አይቡ ጥሩ ነው። ዳቦውን ደግሞ ላምባ እንዳልተርከፈከፈበት ራሴ አሽትቼ አረጋግጫለሁ።

የሳቃችሁት የድሮዎቹ ናችሁ። አዲሶቹና ከባሎቻችሁና ከሚስቶቻችሁ ጋር የመጣችሁ እንግዶች ምኑ እንደሚያስቅ ስላልገባችሁ እነግራችኋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ የቆምኩት ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ስጦታው። ወንበር ሰጣችሁኝ፤ ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው። ሠላሳ አንድ ዓመት የቀረጻ ዕቃ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ እዚህ ግቢ ውስጥ አንድም ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ወንበር የትዕይንት ዕቃ ነዋ! ዕቃ ላይ አይቀመጥም። የንጉሥ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ቋሊማ ሲበላ ያገኘሁትን ሰው በጆሮው ጎትቼ አስነስቻለሁ። ኡርባን፣ መሰላሉ ላይ ሆነህ ወደ ጣሪያው አትመልከት፤ አንተ ነህ።

ከገባሁ ጀምሮ «አንሴልም፣ ተቀመጥ እንጂ፣ የራስህ ነው» ትሉኛላችሁ። አልቀመጥም። ገና ነው።

ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይም አይታችኋል። ቀረጻ በቀትር ይጀምራል፤ ደወሉ ሊደወል ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ሙሴ ጎድሮን ደግሞ በደረት ኪሳቸው አንድ ወረቀት ይዘዋል። ሰኞ የሚጀመረው ትልቁ ፊልም የሠራተኞች ዝርዝር ነው፤ ከደወሉ በፊት ሊፈርሙበት ነው። እንዴት አወቅሁ? ትናንት ዕቃ ክፍሌ መጥተው የተሰበረች መብራት ሲያሳዩኝ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ለሠላሳ አንድ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ እንዳይ ተከፍሎኛል። አየሁት።

«ትዕይንት መዝጋቢ» በሚለው መስመር ላይ የማዳም ሌዮንቲን ካርባሳ ስም ተጽፏል። ከዚያ በቀይ ተሰርዟል። ጎኑ ላይ አንድ ቃል አለ፦ «ግድየለሽ።»

ሌዮንቲን፣ አትነሺ። እባክሽ። ወደ በሩ ቅርብ እንደተቀመጥሽ አይቻለሁ።

እንግዶቻችን፣ ትዕይንት መዝጋቢ ማለት ከካሜራው አጠገብ ቁጭ ብላ ሁሉን የምትጽፍ ናት። ተዋናዩ ብርጭቆውን በቀኝ ነው በግራ የያዘው? ሻማው ስንት ጣት ነደደ? የኮቱ ስንተኛ ቁልፍ ተከፍቷል? ዛሬ ተጀምሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያልቅ ትዕይንት እንዳይፋለስ የምትጠብቅ እሷ ናት። ሌዮንቲን ይህን ሥራ በሠራችበት ዘመን እዚህ ግቢ ውስጥ ራሱን በመስተዋት አይቶ የማያውቅ ተዋናይ እንኳ ጺሙ በየትኛው ጎን እንደሚረዝም ያውቅ ነበር። እሷ ትነግረዋለቻ!

አሁን ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ታይፕ ክፍል ተቀምጣ ሌሎች መዝጋቢዎች የጻፉትን በታይፕ ትገለብጣለች። ስህተታቸውን እያረመች፣ ሳይጠይቋት።

ለምን? ወደዚያ እየመጣሁ ነው። ዙሪያውን እንደምዞር አውቃለሁ። ታገሡኝ።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለተኛው ጸደይ ነበር፤ አንድ ማክሰኞ ቀን። ዳቦ በኩፖን ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን ሩብ ኪሎ፣ እሱም ቀለሙ እንደ ጫማ። እኛ ደግሞ የንጉሥ ግብዣ እንቀርጻለን። ሰማንያ አጃቢ ተዋንያን ዳንቴልና የተውሶ ጌጥ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ መስፍኑ ዱክ፣ ሚስቱ ዱቼሷ፣ ጳጳሱ። አብዛኞቹ ቁርስ አልበሉም። ፊታቸው ላይ በልዩ ፈቃድ የተጋገረ ነጭ ዳቦ ተደርድሯል። መሀል ላይ ገለባ የተሞላችው ቆቃችን ነበረች፤ ያቺ ቆቅ ከብዙ ኮከቦቻችን የበለጠ ፊልም ሠርታለች፤ የተሻለም ተውናለች።

ትእዛዙ ግልጽ ነበር፦ እንዳይበላ ዳቦው ላይ ሁሉ ላምባ ይርከፍከፍ። አሁን በአዲሱ የፊልም መጽሔት ላይ የሚጽፉት ወጣቶች ፊልሞቻችሁ ስቱዲዮ ስቱዲዮ ይሸታሉ እያሉ ይሰድቡናል አይደል? ተሳስተዋል። የሚሸቱት ላምባ ነው።

ጣሳዬን ይዤ ከንጉሡ ጠረጴዛ ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ካለው ጠረጴዛ ስደርስ፣ ዱቼስ ሆነው የሚጫወቱት አሮጊት እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄንንም?»

«ትእዛዝ ነው፣ እመቤቴ።»

«ከሩቅ የሚታይ ዳቦ እኮ ነው። ላምባው በካሜራ ይታያል እንዴ?»

አይታይም። እውነታቸውን ነው። ጣሳዬን አንስቼ ሄድኩ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ዳቦ ነበር። ሰባቱንም ላምባ አልነካቸውም።

ንጉሡ ጽዋውን አንስቶ መናገር ጀመረ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። በዚያ ዘመን መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ታስታውሳላችሁ፤ ከመብራት በቀር ሁሉም ነገር በሰዓቱ ነበር። ሃያ ደቂቃ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ቆየን። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በቤተ ክርስቲያን እንኳ አልሰማሁም። መብራቱ ሲመጣ ሰማንያ መኳንንት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጥቂቶቹ ጉንጫቸው ትንሽ ሞላ ያለ ነበር። ጳጳሱ አያኝኩም፤ ግን አይናገሩምም።

ሌዮንቲን ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«አንሴልም፣ ዳቦው ሰባት ነበር።»

«አራት ነበር» አልኳት።

«ሰባት።»

«በጨለማ ተቀምጠሽ ዓይንሽ ደክሞ ነው።»

አየችኝ። ከዚያ ዱቼሷን አየች። ከዚያ ሄዳ ጻፈች።

ፊልሙ ሲቀናበር ንጉሡ ጽዋውን ሲያነሳ ከትከሻው ኋላ ሰባት ዳቦ አለ፤ ጽዋውን ሲያወርድ አራት። አዳራሹ ፈርሷል፤ ንጉሡም ሌላ ፊልም ላይ ቄስ ሆኖ ጺሙን ተላጭቷል። ደግሞ መቅረጽ አይቻልም። ተሰብስበን «የሌዮንቲን መዝገብ ይምጣ» ተባለ። መጣ። የዚያ ቀን ገጽ የለም። ጥፋቱ የእሷ ነው ተብሎ ወደ ታይፕ ክፍል ተላከች።

ገጹ ያልነበረው እኔ ስለወሰድኩት ነው።

አዎ። እኔ ነኝ። የፈቃድ ዳቦ ጠፋ ቢባል ፖሊስ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ለዱቼሷ ነው የፈራሁት ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ለጥቂት ወራት ያህል አምኜውም ነበር። ዱቼሷ ግን በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ። ኩፖንም ቀረ። ያኔም አልተናገርኩም። እንግዲህ የፈራሁት ለማን ነበር?

ፊልሙ በመላ አገሪቱ ታየ። ስለ ዳቦው የጻፈልን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሊሞዥ ከተማ ዳቦ ጋጋሪ። «ንጉሡ ንግግር ሲያደርጉ ሦስት ዳቦ የት ሄደ?» ይላል። ደብዳቤውን ተቀባብለን ሳቅንበት። ሌዮንቲን ግን ያኔ ታይፕ ክፍል ነበረች። መልሱን በታይፕ የጻፈችው እሷ ናት።

በየቀኑ ምሳ ሰዓት ጨው ታቀብለኝ ነበር። ስምንት ዓመት። አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። እንዲህ ያለ ምሳ በልቶ ደስ ብሎት የሚቀመጥ ሰው ካለ ወንበሩን ይውሰድ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ግቢ ለቀረጻ እውነተኛ ዳቦ አልቀረበም። በጀሶ ሠራሁላችሁ። እዚህ ከአይቡ አጠገብ ያለውን አንዱን አይታችኋል፤ ሁለት ሰዎች ሊቆርሱት ሞክረዋል። የመጀመሪያው የጀሶ ዳቦ ነው። ውስጡ ክፍተት አለው።

ቢላ አያስፈልግም። ይቅርታ፣ ጠረጴዛችሁን ላበላሽ ነው።

ይኸው።

የዚያ ቀን ገጽ። ወረቀቱ ትንሽ ወይቧል፤ ጽሕፈቱ ግን የእሷ ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ባነብበው ማን ያምነኛል? ሙሴ ጎድሮን፣ እርስዎ ያንብቡት። ጮክ ብለው፤ ኡርባን ጣሪያው ሥር መሰላል ላይ ነው ያለው።

ሰማችሁ? እንደገና ያንብቡልኝ እባክዎ፣ ከታች ያለውን። «መብራት ሳይጠፋ፣ በመጨረሻው ጠረጴዛ፣ ዳቦ ሰባት። መብራት ከመጣ በኋላ፣ አራት። ለዳይሬክተሩ ነግሬአለሁ፤ ይቀጥል ብለዋል። ማን እንደበላው አልመዘገብኩም፤ የትዕይንቱ ክፍል አይደለም።»

ግድየለሽ ማለት ይህ ነው?

ምን አልሽ፣ ሌዮንቲን? ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

ማክሰኞ አይደለም ትላለች፤ ሐሙስ ነበር። ሙሴ ጎድሮን፣ ከላይ ምን ይላል? ሐሙስ። እንግዲህ ይፍረዱ።

ሌዮንቲን፣ ይቅር በይኝ ብዬ በሰው ፊት አልጠይቅሽም፤ በሰው ፊት እምቢ ማለት ይከብዳል። በኋላ ብቻሽን ስትሆኚ እምቢ በይኝ። የምለምነው ሙሴ ጎድሮንን ነው። ያ ቃል ከስሟ ጎን ይነሳ፤ ስሟም ይመለስ። የሚጻፍበት ስም ከጠፋ የእኔ አለ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ፈት ነው።

ብዕር? የዕቃ ኃላፊ እኮ ነኝ፣ ጌታዬ። ይኸው። አይጠራጠሩ፤ የትዕይንት አይደለም፣ ይጽፋል።

አመሰግናለሁ።

ደወሉ ሳይቀድመኝ ልመርቃችሁ። ሰኞ የምትጀምሩት ፊልም በሰላም ይለቅ። መብራታችሁ አይጥፋ፤ ከጠፋም የምታምኑት ሰው አጠገባችሁ ይሁን። አጃቢዎቻችሁ ጠግበው ይምጡ። ልጆቻችሁ ስለ ዳቦ ኩፖን ስትነግሯቸው ተረት መስሏቸው አይመኗችሁ። አዲሶቹ፣ ከሚሰድቧችሁ ወጣቶች ጋር ለመታረቅ ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ። ስትሳሳቱ፣ ትሳሳታላችሁና፣ ለመናገር ስምንት ዓመት አይፍጅባችሁ። እኔንም ጤና ይስጠኝ፤ ቤቴ ከደወሉ ድምፅ ርቄ እንዴት እንደምውል አላውቅም።

በሉ፣ ተናግሬ ጨረስኩ። አሁን ልቀመጥ።

አይ። ሌዮንቲን ተቀምጣበታለች። ክንዷንም አሳርፋለች።

ተዋት፣ ኡርባን፤ ማንም አያስነሳት። እኔ መቆም ለምጄዋለሁ።