ቀይዋ ላም የታጠበችበት ከሰዓት

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ በተለየ ወረቀት ተመዝግቦ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ በአስጎብኚ ድርጅት የጉዞ እቅድ አዘጋጅ
አድራሻ፦ ከአሮጌው የአውቶቡስ ማዞሪያ ፊት ለፊት፣ ከቀለም ሱቁ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15
ጉዳዩ፦ በጥንታዊ የዋሻ ሥዕል ላይ የደረሰ ጉዳት

መጥሪያ ሳይደርሰኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በራሴ እግር ጣቢያ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በላሟ ዋሻ ውስጥ የተፈጸመውን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት የሆነውንም አውቃለሁ፤ ጉዞውን ያቀድኩት እኔ ነኝ።

በድርጅቱ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የአንድ ቀን ጉዞ ማቀድ ነው። እንግዶች ስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ ሚኒባሱ የት ቆሞ እንደሚጠብቃቸው፣ ለስንት ሰው ሄልሜትና የእጅ ባትሪ እንደሚያስፈልግ፣ ምሳ የት እንደሚበላ በአንድ ገጽ ጽፌ ለአስጎብኚው እሰጣለሁ። የምንወስዳቸው ሦስት ቦታዎች ናቸው። እነሱም የላሟ ዋሻ፣ የሌሊት ወፎቹ ረጅም ዋሻ እና ጥንት ሰዎች ጠርበው ያቆሟቸው ድንጋዮች ናቸው።

በላሟ ዋሻ ግድግዳ ላይ በሺህ ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የተሳለች ቀይ ላም ነበረች። “ነበረች” ተብሎ ይጻፍልኝ። ፀሐይ በዋሻው አፍ ገብታ ላሟን የምታበራው ጠዋት ብቻ ሲሆን፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ግድግዳው ጥላ ይውጠውና ላሟ እንደ ዝገት ትደበዝዛለች። ስለዚህ ማንኛውም ጉዞ ከእሷ ይጀምራል። ይህን ያስተማረኝ ቢሮው አይደለም፤ አባቴ ነው። አባቴ የዋሻው ጥበቃ ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ገና ፊደል ሳልቆጥር ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ “ላሟ የጠዋት ናት፤ ከሰዓት መጥተሽ አትረብሻት፣ ተኝታለች” ይለኝ ነበር።

ተጠይቄ ስመልስ፣ ሥዕሉ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ለአምስት ደቂቃ ያህል ደምቆ ይወጣል፤ ሲደርቅ ግን ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ላሟን ትጠባ የነበረችው ጥጃ ከግድግዳው ጠፍታ ተገኘች። በቦታዋ ወደ ታች የወረደ ቀይ መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር። አጣሪ ኮሚቴ ሲቋቋም ዋናው አስጎብኚያችን ቀርቦ በአባቴ ላይ መሰከረ። ይህ ሰው “ፕሮፌሰሩ” ይባላል። የትም አላስተማረም፤ ስሙን ያወጣለት ሾፌራችን ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስለሚያወራ። ሰው ካላጨበጨበለት የሚያመው ሰው ነው። በኮሚቴው ፊት ያለውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። “እኚህን ሰው እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ግን ቲፕ ለማግኘት ብለው ውሃ ሲረጩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እውነት ከአባትም ትበልጣለች።” ይህን ሲል እንባውን ጠረገ። እንባ! አባቴ ያለው “ኧረ ልጄ!” ብቻ ነው። ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዓመት ምሳ ተካፍሎ በልቷል።

በማግሥቱ አባቴ የዋሻውን የብረት በር ቁልፍ ከነማንጠልጠያው አስረከበ። ማንጠልጠያው ላይ በልጅነቴ ከቡሽ የሠራሁለት ትንሽ ዓሣ ነበረች፤ እሷንም ከቁልፉ ጋር ወሰዱበት። ከዚያ በኋላ ዳቦ ቤት ሲሰለፍ “ውሃ አፍሳሹ መጣ” የሚሉት ነበሩ። አባቴ ከዚያ ወዲህ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እያየሁ ውሃ ልግዛልህ ስለው “ተይው፣ ቤት እጠጣለሁ” ይለኛል።

ከስምንት ወር በፊት አንዲት እንግዳ ለቢሮው የምስጋና መልእክት ከፎቶዎች ጋር ላከች። በአንዱ ፎቶ ላይ የላሟ አንድ ጆሮ እርጥብ ሆኖ ያበራል፤ ከጎኑ ጠርሙስ የያዘ የወንድ እጅ ይታያል። ያ ጆሮ ከዚያ ወዲህ ረግፏል። ያን ጊዜ አባቴ ከሥራ ከተባረረ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ የእንግዳዋን ቡድን የመራው ደግሞ ፕሮፌሰሩ ነው። ፎቶውን ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። “እጅ ስም የለውም። አንቺ ደግሞ የአባትሽ ልጅ ነሽ፤ ማን ያምንሻል?” አለኝና ፎቶውን እፊቴ አጠፋው።

የዚያን ቀን ላስይዘው ወሰንኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ግን አልሳልኩም። ስምንት ወር ሙሉ ፕሮፌሰሩን “ጋሼ” እያልኩ፣ ወንበር እየለቀቅኩለት፣ በቀልዱ እየሳቅኩ ኖርኩ። እሱም “የኔ ልጅ” እያለ ስለ አባቴ ጤና ይጠይቀኝ ነበር። በልቤ “ቆይ ብቻ፣ በሰፈርከው ቁና ሳትሰፈር አትቀርም” እለው ነበር። መርማሪው “እህቴ፣ ተረቱ ይቆየንና ያደረግሽውን ንገሪኝ” ስላሉኝ ያደረግኩትን እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ለቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ባለሙያዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ እንደ ተራ እንግዳ ሆነው እንዲመጡ ተስማማን። በስም ዝርዝሩ ላይ ባልና ሚስት አድርጌ አስገባኋቸው። ለሁለቱም “ውሃው ግድግዳው ላይ ሲወርድ ሳታዩ አትንቀሳቀሱ። ጠርሙስ ስላነሳ ብቻ ብትይዙት ‘ልጠጣ ነበር’ ይላችኋል፤ ምላሱን አውቀዋለሁ” ብዬ ነገርኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይሰመርበት።

ቀጥሎ የጉዞውን ቅደም ተከተል ገለበጥኩ። ድንጋዮቹን ጠዋት፣ የሌሊት ወፎቹን ዋሻ ከምሳ በፊት፣ ላሟን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አደረግኩ። ለእንግዶች በሚታደለው ወረቀት ላይ ላሟ በጠዋት ፀሐይ የተነሳችውን ፎቶ አስገብቼ ከሥሯ “ዛሬ የተሳለች ትመስላለች” ብዬ ጻፍኩ። በአስጎብኚው ቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይገባል፤ አምስት አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰሩን የሚገፋ ሰው አላስፈለገም። እንግዳ ተስፋ አድርጎ መጥቶ ግድግዳው ደብዝዞ ካገኘው ይህ ሰው ዝም ብሎ መቆም አይችልም።

ረቡዕ ወረቀቱን ስሰጠው አንብቦ “ላሟን ከሰዓት? ምን ነካሽ?” አለኝ። ጠዋት የተማሪዎች ቡድን ዋሻውን ይዞታል ብዬ ዋሸሁት። “እንግዲህ አንቺ ካልሽ!” ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በሰዓት ተሳስቼ አላውቅም፤ ስለዚህ አመነኝ።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አሥራ አንድ እንግዶች ይዘን ተነሳን። የጉዞውን ሰዓት ልለካ ነው ብዬ እኔም አብሬ ሄድኩ። ፕሮፌሰሩ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ። በሌሊት ወፎቹ ዋሻ ውስጥ ባትሪ አስጠፍቶ እንግዶቹን አስጮኸ፣ አስጨበጨበ። ምሳ ላይ እንቁላሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ፤ በላሁት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ከላሟ ዋሻ ደረስን። አዲሱ ጥበቃ በሩን ከፍቶልን ውጭ ጥላ ሥር ተመልሶ ተቀመጠ። ላሟ ድብዝዝ ብላለች። ፕሮፌሰሩ ስለ ላሟ ማውራት ጀመረ፤ ማንም አላጨበጨበም። አንዲት ጠና ያሉ እንግዳ ወረቀቱን ከግድግዳው ጋር እያስተያዩ “ይሄ ነው እንዴ? ለዚህ ነው ዳገት ያስወጣችሁኝ?” አሉ። ሰዎቹም ሳቁ። ያኔ ፕሮፌሰሩ በሩን ገልመጥ አድርጎ “ምስጢር ላሳያችሁ” አለና ጠርሙሱን አወጣ። ወደ እኔ ዞሮም “የኔ ልጅ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ” ብሎ ጠቀሰኝ።

በመጀመሪያ በመዳፉ ትንሽ ብቻ ረጨ። እኔ በጎን ስለቆምኩ አይቻለሁ፤ ባለሙያዎቹ ግን ከኋላ ነበሩ፣ እንግዶቹ ከልለዋቸዋል። ቀንዷ ደመቀ። ሴትዮዋ “ኧረ! ኧረ ጨምርልን!” አሉ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ፕሮፌሰሩም እጁን ከፍ አድርጎ ሙሉውን ጠርሙስ ከላሟ ጀርባ ጀምሮ ለቀቀው። ላሟ ከላይ እስከ ታች እንደ ትኩስ ደም ቀላች፤ ከጠዋቱም በላይ አማረች። ወዲያው ቀዩ ውሃ በእግሮቿ በኩል መውረድ ጀመረ።

ተጠይቄ ስመልስ፣ በመዳፉ በረጨበትና ጠርሙሱን በለቀቀበት መካከል ጊዜ ነበር። “ተው!” ለማለት ይበቃ ነበር። አፌን የያዘው ማንም የለም። ያልጮህኩት በመዳፍ ውሃ ሳይሆን በሙሉው ጠርሙስ እንዲሰምጥልኝ ስለፈለግኩ ነው።

የቅርስ ጥበቃዋ ባለሙያ ጮኸች፤ ጓደኛዋ ሰዎቹን ገፍቶ ወጥቶ መታወቂያውን አሳየ። ፕሮፌሰሩ ባዶ ጠርሙስ ይዞ “ልጠጣ ነበር” አለ። ሾፌሩ ከኋላ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ አየኝና “ሰዓቱን አንቺ ነሽ የቀየርሽው” አለኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አንተ ረሳህ እንጂ፣ ጋሼ” አልኩት። የዚያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ደስታ አይደለም ብዬ አልዋሽም። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ እለው ነበር። ባለሙያዎቹ እዚያው ሲጠይቁት የሚክድበት ስላጣ፣ ጥጃዋን ያጠፋው እሱ እንደሆነና በአባቴ ላይ በሐሰት እንደመሰከረ አመነ፣ ፈረመም።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ደረስኩ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። አባቴ ጠረጴዛው ላይ የተበላሸ የእጅ ባትሪ ፈትቶ እየጠገነ ነበር። “አባባ፣ ተያዘ! ፕሮፌሰሩ ውሃ ሲያፈስ እጅ ከፍንጅ ተያዘ፤ በአንተ ላይ የመሰከረው ውሸት እንደሆነ አመነ፣ ፈረመ!” አልኩት። እቅፍ ያደርገኛል ብዬ ነበር። አባቴ ባትሪውን አስቀመጠና “ላሟስ?” አለኝ።

ውሃው የወረደው እሷ ላይ እንደሆነ ነገርኩት። ስንት ሰዓት እንደነበር ጠየቀኝ። “ዘጠኝ ሰዓት” አልኩት። “ከሰዓት እንደማትታይ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ” አለ። እራቱንም አልበላም።

ባለሙያዎቹ በማግሥቱ ተመልሰው ሲያዩት ግድግዳው ደርቆ ቀለሙ መሬት ላይ ረግፎ አገኙት። የቀረው አንድ ኮቴና የጅራቷ ጫፍ ነው። በሌላ ቀለም ከመሳል በቀር የሚመለስ ነገር እንደሌለ ነግረውኛል።

ቅዳሜ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቤታችን መጣ። አባቴ ወደ ሥራው እንዲመለስ የተጻፈ ደብዳቤና ቁልፉን ይዞ ነበር። የቡሿ ዓሣ አሁንም ማንጠልጠያው ላይ አለች። አባቴ ዓሣዋን ፈትቶ እኔ ፊት አስቀመጣት፤ ቁልፉን ለሥራ አስኪያጁ መለሰለት። ሥራ አስኪያጁ “አባባ፣ ስምዎ ጠርቷል እኮ! ምነው?” ቢለው አባቴ “የምጠብቀው ምን አለ?” አለው።

ተጠይቄ ስመልስ፣ በፕሮፌሰሩ ላይ ስላደረግኩት አልጸጸትም። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴን ውሃ ያስጠማ ሰው ነው፤ ነገም ቢሆን አልምረውም። ስለ ላሟ ግን ልክ እንደ እሱ ተጠያቂ ነኝ። መርማሪው “በምስክርነት ነው የመጣሽው፤ ይህ ከተጻፈ አንቺም ልትከሰሺ ትችያለሽ፣ አስቢበት” ብለውኛል። አስቤበታለሁ። ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳስር አባቴ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ። “ሁሉንም ንገሪያቸው። የሐሰት ምስክር ለዚህ ቤት አንድ ጊዜ ይበቃል” አለኝ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ከአፌ የወጣ ነው። ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የሚቀነስም የሚጨመርም የለም። በወረቀቱ ራስጌ ላይ “ምስክር” የሚለው ቃል እንዲሰረዝ ጠይቄ፣ መርማሪው ይህን የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ነው ብለው ስላልፈቀዱልኝ፣ ጥያቄዬ እዚህ እንዲሰፍር ተደርጎ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡05