ከበረዶው ተራራ የመጣ መርዶ

አትላንታ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ባለው የሀበሻ ልብስ ሱቄ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ የዳኒ እጮኛ ሳራ ናት። በረዶ የለበሰ የአንዲስ ተራራ ሊወጡ አብረው ፔሩ ሄደዋል። እዚሁ አትላንታ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋን የምትለማመደው ከእኔ ጋር ነው። «አንቲ፣ ዳኒ በረዶው ላይ ትንፋሽ አጠረውና አረፈ» አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ። ብደውል፣ ብደውል አይነሳም። እናቱ እኮ ሚያሚ ለሥራ የሄደ ነው የሚመስላት! «ትጨነቃለች፣ እንዳትነግሪያት» ቢለኝ፣ ዋሽቼለት የሸኘሁት እኔ ነኝ። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ለማሰባሰብ እንኳ ትዕግሥት አጥቼ፣ ለሽያጭ ከሰቀልኩት አንድ ነጠላ አውርጄ አዘቅዝቄ ለበስኩና እህቴ ወደምትኖርበት ወደ ሮዝዌል ነዳሁ። እህቴ በሩን ከፍታ አለባበሴን ስታይ «ማን ነው?» አለች። «ዳኒ» ከማለቴ መሬት ላይ ተዘረረች።

አብሬያት እየጮህኩ ሳለ ሳራ መልሳ ደወለች። «አንቲ፣ ሶሪ፣ ባትሪ አልቆ ነው። ዳኒ አርፎ ተነሳ፤ ሾርባ እየጠጣ ነው!»

«አርፎ ተነሳ? ምን ማለትሽ ነው?»

«ሬስት አደረገ እኮ ነው የምልሽ!»

እህቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። የልጇን ድምፅ ስትሰማ እያለቀሰች ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋ ቆመ። «ተራራ? የምን ተራራ?»

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «ሞቱን ልትነግሪኝ ሮጠሽ መጣሽ፤ መሄዱን ግን ደበቅሽኝ» አለች።