ራዘርና ሃያው የእድር ወንበር

ነይ ዐፊፋ፣ እዚህ ጥላው ስር ተቀመጪ። ማንጎው ዘንድሮ አይገርምሽም? ቅርንጫፉን ሊገነጥለው ነው እኮ። የበሰለውን ወደዚህ፣ ጥሬውን ወደ ከረጢቱ አድርጊልኝ። ድምፄ ጮኸብሽ? ምን ላድርግ፣ ሲፈጥረኝ ነው። ደግሞ ያ የጎረቤት ኪራይ ቤት መስኮቱ ተከፍቷል... ይከፈት፣ በዚህ ሙቀት አየር ለሁሉም ነው።

ይኸውልሽ፣ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሴትዮ በዚህ ዕድሜዬ እንግሊዝኛ ተማርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልማሶችን የሚያስተምር አንድ ጨዋ ሰው አለ። ስሙ ምን ያደርግልሻል? የወንድሜ ልጅ ቀነኒ ናት ጎትታ የወሰደችኝ። እሷ የምትሄደው ለእንግሊዝኛው ነበር... መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ “ራዘር” የሚባል ቃል ጻፈልን። አስረዳዱ እንዴት አንጀት ያርሳል መሰለሽ። ሻዩ ራዘር ትኩስ ነው ካልሽ፣ ከለብታ አልፏል፣ ግን አፍ አያቃጥልም ማለት ነው። ከማንጎ ይልቅ ፓፓያ እመርጣለሁ ስትዪም ራዘር ነው። የተናገርሽውን መልሰሽ “እንዲያ ሳይሆን እንዲህ ልበል” ስትዪም ያው ራዘር። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሥራ ይሠራል። እኔ ግን ከሰሌዳው አልያዝኩትም፤ የገባኝ ከሰውየው ኑሮ ነው። ጎበዝ አስተማሪ የሚያስተምረውን ይኖረው የለ?

ቀነኒን ይወዳታል? ኧረ ይወዳታል። ራዘር ይወዳታል። ከለብታ አልፏል... አፍ አያቃጥልም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ቁርጥ ያለ ቃልም እንደዚያው። በመስከረም ሽማግሌ እልካለሁ አላት። ከእድር ሃያ ወንበር አስመጣሁ፣ አጠብኩ፣ ደረደርኩ። ከመስከረም ይልቅ ጥር ይሻላል አለ። መለስኩ። ለጥር አስመጣሁ፤ ጥር ስል እንዲያው ለፋሲካ ይሁን አለ። ለፋሲካ አስመጣሁ፤ ፋሲካ ማለቴ፣ ዝውውሬ ይለይ ለማለት ነው አለ። እንዲህ ቃሉን እያረመ የሚናገር ጥንቁቅ ሰው ከየት ይገኛል?

የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ባቢከር፣ “እነዚህ ወንበሮች ቤትሽን ለምደውታል፣ ሌላ ጊዜ ራሳቸው ይመጡልሻል” አለኝ። እኔማ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ቀነኒ ግን አልሳቀችም። ውሃ ቀዳችና ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ታጥብ ጀመር... እሱን ተይው።

ኤጀታን ታውቂው የለ፣ ከባምባሲ ማር የሚያመጣውን? ምስኪን፣ እንግሊዝኛ የሚባል የለውም። ባለፈው ሳምንት ማሩን አስቀምጦ “ታገቢኛለሽ ወይ?” አላት። በቃ፣ እንዲህ ደረቅ አድርጎ። ሦስት ቀን አሰበችበትና “ሽማግሌዎችህ እሁድ ይምጡ” አለችው። በራሷ አፍ፣ ማንም ሳይገፋት። ለዚያ ለጨዋው ሰው ማን ይንገረው ብዬ ስጨነቅ ነበር የሰነበትኩት... ግድ የለም፣ አየሩ ያደርስለታል።

አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኛል። የኤጀታ ዘመዶች ሃያ አንድ ናቸው አሉ፤ አንድ ወንበር ጎደለኝ። ያችን መስኮቱ ስር ያለችውን ብዋስ ባለቤቷ ይቀየመኛል? ሲቀመጥባት እንጂ ሲነሳ አይቼው አላውቅም።

ምነው፣ መስኮቱ ተዘጋ? ሙቀቱ በረደ እንዴ? ይዘጋ፣ ምርቃት ተዘግቶም ይገባል። እንዲህ ላለ ሰው ክፉ አይመኙም፣ አሜን በይ ዐፊፋ። ዝውውሩን ያቃናለት። በሄደበት ሁሉ ሰው ያክብረው። ጌታ ሚስት ይስጠው፣ ቆንጆ፣ የተማረች... እሱ በሚወድበት ልክ የምትወደው፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።