ዝቅ ያለው መሪ

ሀዋሳ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የዘርፌ ሞተር መጠገኛ በር ላይ። ጋሽ ሽብሩ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሥራው ከሙሽራ መኪና ፊት ፊት እየነዳ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀርፅ ካሜራማን መጫን ነው፤ የዛሬው ካሜራማን የዘርፌ ባል ምንተስኖት ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ መሪውን ዝቅ አድርጊው አልኩሽ! ወደ ፊትም ግፊው። ስንቴ ልንገርሽ?

ዘርፌ፦ ከዚህ በላይ ዝቅ ካለማ ነዳጅ ጋኑ ላይ ሊተኙ ነው። አሁንም ክንድዎ እንደ ዱላ ተገትሯል። መሪ እንዲህ ሲርቅና ሲወርድ ክብደትዎ በሙሉ የእጅዎ አንጓ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጋሽ ሽብሩ፦ የማን አንጓ እንደሆነ ታውቂያለሽ? በዚህ አንጓ ስድስት ሺህ ሙሽራ አጅቤያለሁ!

ዘርፌ፦ ስድስት ሺህ? ሀዋሳ ከየት አምጥታ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ሻሸመኔን ጨምሪበታ! አንዴማ ሐይቁ ዳር ስጣመም ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ሰው "ሽብሩ መጣ!" የሚለው እኮ ጎንበስ ብዬ ስመጣ ነው። ቀና ብዬ ከነዳሁ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ጭኜ የምመለስ ነው የምመስለው።

ዘርፌ፦ ካሜራው የሚያየው ወደ ኋላ ነው። እርስዎን ማን ያይዎታል?

ጋሽ ሽብሩ፦ የመንገዱ ሰው በሙሉ! ፎቅ ላይ ያለው፣ በረንዳ ላይ ያለው፣ የተኛው ሳይቀር!

ዘርፌ፦ እሺ። እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉና ልለካዎት። ወደ ታች አይዩ፤ እንደሚነዱ ሆነው አስፋልቱን ብቻ ይዩ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ይኸው። የሽብሩን አነዳድ በነፃ ተመልከቺ። አምና አንዱ ሙሽራ ሚስቱን ትቶ እኔን ሲያይ፣ ሲያይ...

ዘርፌ፦ ይቀጥሉ፣ እየሰማሁ ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ...ሚዜው ነው አሉ አንገቱን ይዞ ወደ እሷ ያዞረው! ምን አጎነበሰሽ? ለክተሽ አልጨረስሽም?

ዘርፌ፦ ጨርሻለሁ። አሁን ወደ ታች ይዩ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ምንድን ነው እሱ?

ዘርፌ፦ ፒንሳ። የቀኝ እጅዎን ትንሿን ጣት ይዤበታለሁ። የሙሽራውን ወሬ ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ...ለስለስ አድርገሽ ይዘሽው ነዋ።

ዘርፌ፦ ቆዳው እስኪነጣ ነው የያዝኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው የደነዘዘው?

ጋሽ ሽብሩ፦ አይ፣ ትንሽ ነው። ከሞተር ስወርድ አራግፈዋለሁ፣ ይመለሳል።

ዘርፌ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ከፋሲካ። እሷና ቀጥላ ያለችው ብቻ ናቸው። ስምንቱ አንበሳ ናቸው፣ አንበሳ!

ዘርፌ፦ የፊት ፍሬን የሚይዘው ይኸው ቀኝ እጅዎ አይደለም?

ጋሽ ሽብሩ፦ አንቺ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ልትነጥቂኝ ነው? ስሚኝ። እኔ ከሰርግ ሌላ ማን ይጠራኛል? ዛሬ ከቀረሁ የሚቀጥለው ቅዳሜም ሌላ ሰው ነው የሚመጣው። ከፍ ይበል ነው የምትዪው? ይበል! ዱቄት የጫንኩ ልምሰል። ለምንተስኖት ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።

ዘርፌ፦ ይውረዱ እስቲ። ከመሪው ሥር አንድ ጣት የሚያህል ብረት እጨምራለሁ፤ ወደ እርስዎም አስጠጋዋለሁ... ያንን ቁልፍ ያቀብሉኝ... ከፍ ሲል የፍሪሲዮንና የፍሬን ገመዶቹ እንዳይወጠሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥግ ላዙረው። ደርሰዋል። ቡሎኖቹም ጠብቀዋል። ይቀመጡ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ውይ! ክርኔ ታጠፈ። ትከሻዬም ወረደ። ለካ ይኼን ሁሉ ዘመን ተንጠልጥዬ ነው የነዳሁት! አለቀ፣ ዳንኩ!

ዘርፌ፦ አቀማመጥዎ ተስተካከለ። ጣት ግን ቡሎን ስለጠበቀ አይድንም። ሐኪም ያየዋል፤ እስከዚያ ይረፉ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ዳነ እልሻለሁ! እሳት ሆኗል! ምንተስኖትን እንደ እንቁላል ነው ይዤው የምሄደው።

ዘርፌ፦ ጥሩ። እንግዲያው ወደ ፊት ጠጋ ይበሉ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ምን ልታደርጊ?

ዘርፌ፦ ልቀመጥ። ልክ እንደሱ፣ ጀርባዬን ለእርስዎ ሰጥቼ፣ ሁለት እጄን ካሜራ እንደያዘ ሰው ወደ ላይ አንስቼ። የታቦር ተራራን ቁልቁለት ወርደን እንመለስ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ባክሽ ቀልድ ተዪ። ወደ ፊት ዙሪና ወገቤን ያዢ።

ዘርፌ፦ እሱ ወገብዎን ይይዛል?

ጋሽ ሽብሩ፦ እሱ ለምዶታል።

ዘርፌ፦ እኔም እለምደዋለሁ። ይኸው ተቀመጥኩ። ሞተሩን ያስነሱ። እኔ የሚመጣውን አላይም፤ የሚያዩልኝም የሚይዙልኝም እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ሽብሩ፦ ዘርፌ...

ዘርፌ፦ እጄን አንስቻለሁ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ውረጂ። ውረጂ ልጄ... ፍሬኑን መያዝ አለመያዜን አላውቅም።